ሀያ ጨምሮ ሀያ መቀነስ

ሰበታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለኤልቃና፣

እንደምን ከርመሃል? የጂንካ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። አከራያችን አደ ጠጅቱም ደህና ናቸው። ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ «ኤልቃና ነጋ ዳ?» ሳይሉኝ አይለቁኝም። ደህና ነው ስላቸው ደስ ብሏቸው ይመርቁሃል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ሳላያቸው ወደ ፋብሪካ እሄዳለሁ። ሰሞኑን ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ እንዲህ ሆኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ወንዲ ነገ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ እናንተ ሳይት ሲመጣ ይሰጥሃል። በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ወኔ ይከዳኝና ደግሜ እዋሻለሁ። ወረቀት «አይዞሽ» አይለኝም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሂሳቡ ትምህርት ነው። የፐርሰንቱን ፈተና ልትፈተን ፈቃድ ጠይቀሃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልትመጣ ነው። እባክህ አሁን አትምጣ። ከመጣህ ትወድቃለህ፣ የምትወድቀውም በእኔ ምክንያት ነው።

የዓለም ገናውን ኮሌጅ የመረጥነው እኮ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ስለሚመች ነበር። አንዱ ትምህርት ጠዋትም፣ ማታም፣ ቅዳሜም ይሰጣል፤ ሺፍቱ የሚቀያየርበት ሰው በተመቸው ሰዓት ይገባል። ሩቅ ያለ ተማሪ ደግሞ መምህራችን ሚልኬሳ በቴሌግራም የሚልከውን የድምፅ ቅጂ ይከታተላል። ፈተና ደግሞ «ደርሻለሁ» ስትል ነው። የፈጠነ ያልፋል፣ የዘገየም በራሱ ጊዜ ይደርሳል። እኛ ግን የራሳችንን ሕግ አወጣን። ጂንካ ከመሄድህ በፊት በቤት ለቤት ኅብረታችን ፊት ቆመን፣ አንዳችን ያለ አንዳችን አንፈተንም ብለን ቃል ገባን። የኅብረቱ መሪ ወንድም ተድላም ባልና ሚስት አንድ ናቸው ብሎ እጁን ጭኖ ጸለየልን። እኛም የዋሆቹ ሂሳቡም አብሮ አንድ የሚሆን መሰለን።

ኤልቃና፣ እኔ አልጠበቅሁህም። ፋብሪካው መብራት ሲጠፋበት ማሽኑ ሥር ቁጭ ብዬ የመምህሩን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ፣ አንድ ቀን ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። ከዚያ በኋላ መቆም አቃተኝ። ፐርሰንትን ተፈትኜ አለፍኩ። ቀጣዩንም አለፍኩ። ለአንተ ልነግርህ ባሰብኩበት ቀን ደግሞ የሳይታችሁ ኢንጂነር ሰው ፊት ሰድቦህ ነበር፤ ድምፅህ ልክ አልነበረም። ፐርሰንቱም አልገባህ ብሎ ብቻህን የቀረህ መስሎህ ነበር። እኔም አልገባኝም አልኩህ። ወዲያው ሳቅህ ተመለሰ፤ እኔም የሠራሁት መልካም ሥራ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየደወልክ ታስረዳኝ ጀመር። «መቶ ኩንታል ላይ ሀያ ፐርሰንት ጨምሪ፤ ከመጣው ላይ ሀያ ፐርሰንት ቀንሺ። ያው መቶሽ ነው፣ ምን ያስቸግራል?» አልከኝ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ገባኝ አልኩህ። አንተን የመሰለ አስተማሪ የለም ብዬም አከልኩበት። እሱን ምን አስጨመረኝ? ይኸው አንተም በዚያው መንገድ ሁሉንም ጥያቄ ሠርተህ ጨረስክ፤ ባለፈው እሁድ ለጓደኛህ ለዲኖም እንዳስተማርከው ኮራ ብለህ ነገርከኝ።

በማግስቱ መምህር ሚልኬሳ ዘንድ ሄጄ፣ ኤልቃና ሲመጣ እንዳያየው ስሜን በኮሌጁ ከተለጠፈው ያለፉ ተማሪዎች ዝርዝር አንሳልኝ ብዬ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት። «ሀሴት፣ ማንም ማንንም አይጠብቅ ያልነው የዘገየ ሰው እንዳያፍር ነበር» አለኝ። «ባልሽን መዘግየቱ አያሳፍረውም። አንቺ ያደረግሽበት ግን ያሳፍረዋል።» ወደ ታክሲ ተራው እያለቀስኩ ሄድኩ።

ስለዚህ በደንብ አንብብ። መቶው ላይ ሀያ ፐርሰንት ሲጨመር መቶ ሀያ ይሆናል። የምትቀንሰው ሀያ ፐርሰንት ግን የመቶ ሀያው ነው፤ ሀያ አራት ማለት ነው። የሚቀርህ ዘጠና ስድስት ነው። አንተ የምትጠብቀው መጋዘን ቢሆን አራቱን ኩንታል የት አደረስከው ይሉህ ነበር። ለዲኖም ንገረው፤ ስህተቱ የሀሴት ነው በለው። ፈተናው እስከ ሰኔ ክፍት ነው፣ ማንም አይቸኩልብህም። ከፈለግክ እሁድ እሁድ እኔ ላስረዳህ። ካልፈለግክም ቅጂውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ስማው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለሚቀጥለው ኮርስ ተመዝግቤአለሁ። ለዋሸሁህ ይቅርታ እለምንሃለሁ፤ ለመመዝገቤ ግን ይቅርታ ልጠይቅህ ፈልጌ አፌ እሺ አላለኝም። ይኼም ራሱ ያሳፍረኛል።

ጌታ በሥራህ ሁሉ ይከልልህ፣ ከክፉ ሰው አፍም ይሰውርህ። ተቆጥተህ ከሆነ ሲበርድልህ ደውልልኝ። ባይበርድልህም ደውል።

የዚህን ኮርስ የመጨረሻ ፈተና ያለፍኩ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው ስፈልግ ከአንተ ሌላ ማንም አልታየኝም። ገና ከኮሌጁ ግቢ ሳልወጣ ደወልኩልህ። አንተም ፈጥነህ አነሳህና «የት ደረስሽ የኔ ቆንጆ?» አልከኝ። እኔም ልቤ በደስታ እየዘለለ፣ «ገና እዚያው ፐርሰንቱ ላይ ነኝ፣ አንተን እየጠበቅሁ ነው» አልኩህ።

ሚስትህ
ሀሴት