እኔ የቆረጥኩት ያንተ ዘፈን

ሞርት ወንድሜ፣

አዲሱን ሙዚቃዊ ቲያትር አየሁት። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበሳል፤ ከግጥሙ አንዲት ቃል ለይቶ የሰማ ካለ ይሸለም! ተናድጄ ወጣሁና ቪሌጅ ሰፈር ውስጥ ካለው፣ የቲያትር ዘፈን ብቻ ከሚዘፈንበት መጠጥ ቤት ገባሁ።

ፒያኖ ተጫዋቿ፣ «ቀጥሎ፣ በዘጠኝ ቀኑ ከተዘጋ ቲያትር፣ ያውም ቲያትሩ ገና ሳይከፈት ተቆርጦ የቀረ ዘፈን!» አለች። ያንተው ነው! ከሠላሳ ዓመት በፊት «ይረዝማል» ብዬ ከቲያትራችን በግድ ያስወጣሁት። አርባ ሰው፣ አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ፣ በቃሉ ዘፈነው። አንዲት ቃል አልሳቱም፤ ስህተት እየፈለግኩ ነበር የሰማሁት።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «ይሄን የቆረጠው ደደብ ማን ይሆን?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በሉ ጋሼ፣» አለች ፒያኖ ተጫዋቿ፣ «ተነሱና ካሱን!»

ተነስቼ ዘፈንኩት፤ ሁለቴ! አሁን በምትኖርበት በክሊቭላንድ የሚያውቁህ የቤተ ክርስቲያንህ መዘምራን ብቻ ናቸው። እዚህ ግን ስምህን ስጠራ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሩትን ሳምልኝ። ካርዱን እንዳትጥለው፤ «አንተ ልክ ነበርክ» ብዬ በፊርማዬ የምሰጥህ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ዋላስ