ከደረጃው ጎን ያለው ወንበር

መጋቢት 3

ተራ ቀን። የታክሲ ግፊያ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ የቢሯችን አንድ መስኮት ዛሬም የመኪና ማቆሚያውን ግድግዳ እያየ ዋለ። ስለ ከተማ የሚጽፍ መጽሔት፣ የራሱ መስኮት ግን ግድግዳ... ለማን ይነገራል?

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ሁለታችንን ጠሩን። እኔንና የአክስቴን ልጅ። ለራሴ “እመቤቲቱ” ነው የምላት። ፊት ለፊት ብያት አላውቅም እንጂ። አብረን አደግን፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን እዚህ ተለማማጅ ሆነን ገባን። መልካችን እንኳ ይመሳሰላል፣ የማያውቀን ሰው መንታ ናችሁ ይለናል። በወሩ መጨረሻ ቋሚ ሆና የምትቀረው ግን አንዳችን ብቻ ናት። ይሄን አለቃችን ሻያቸውን እያማሰሉ ነው የነገሩን... ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም እንደሚል ሰው።

ሥራው ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! ደጅ ላይ የሚበላባቸው፣ ጥሩ እይታ ያላቸው ምግብ ቤቶችን ዞሮ መምረጥ። እየበሉ መሥራት! አራት ዓመት ያጠናሁት ለዚህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አዎ፣ ለዚህ ነበር።

“ሕጋችን ይሄ ነው” አሉ አለቃችን። “ማን እንደሆናችሁ አትናገሩም። ከዚያ የቤቱን መጥፎ ወንበር ፈልጋችሁ እሱ ላይ ትቀመጣላችሁ። ጥሩው ወንበርማ የትም ጥሩ ነው። ቦታ ሳይዝ የመጣ ሰው የሚደርሰው መጥፎው ነው። የምንጽፈው ለሱ ነው።”

እመቤቲቱ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ። የሷ መነቅነቅ ለምንድን ነው የበለጠ ያማረው?

መጋቢት 5

የመጀመሪያ ቤቴ የጨርቅ ሱቆቹ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። መጥፎውን ወንበር መፈለግ አላስፈለገኝም። ገና ሳያዩኝ ሰጡኝ። በውኃ ጋኑና በማድ ቤቱ በር መሀል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የአስተናጋጁ ክርን ትከሻዬን ይነካል፣ “ይቅርታ እህቴ” ይላል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ሐይቁን ለማየት አንገቴን እስኪያመኝ አሰገግኩ። ያየሁት ጋን ነው።

ስለ ጋን ምን ይጻፋል? ጻፍኩ። “እይታው ከጥቂት ወንበሮች በስተቀር ጥሩ ነው።” አለቃችን አነበቡትና “እሺ” አሉ። እሺ ብቻ።

ከዚያ የሷን ወሰዱ። ሐይቁ ዳር ያለ፣ ድሮ ጀልባ ይጠገንበት የነበረ ቤት። ጮክ ብለው አነበቡት! “ወደ ማድ ቤት ከሚወርደው ደረጃ ጎን የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የአስተናጋጅ ጫማ ነው። ትንሽ ይታገሥ። ሲመሽ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል ባለችው ክፍተት፣ የማዶው መብራት አንድ በአንድ ይበራለታል። ዳር ላይ የተቀመጡት ሁሉንም ስለሚያዩ፣ አንዱንም ሲበራ አያዩም።”

“ይሄ ነው” አሉ አለቃችን።

የተጋነነ ነው። ደግሞ ማን ሄዶ ያያል?

መጋቢት 6

ፎቶ አንሺው ከእመቤቲቱ ጋር ወጥቶ ሳይመለስ ዋለ። የኔ ተራ መቼ ነው ስለው፣ “ስልክሽ ጥሩ ካሜራ አለው አይደል?” አለኝ።

መጋቢት 8

እሑድ። እማዬ ጋ ምሳ።

ገና ሳልቀመጥ... “አክስትሽ ደውላ ነበር።”

“ደህና ናት?”

“ደህና ናት። የልጅቷን ጽሑፍ አለቃቸው ለሁሉም አነበቡላቸው አለችኝ። ያንቺንስ?”

“የኔንም አንብበዋል።”

“ጮክ ብለው?”

በዓይናቸው አንብበዋል ልበላት?

“እኔ አላወዳድርም” አለች እማዬ። አላወዳድርም ያለች ቀን ነው የምፈራው። “ልጅቷ ግን ከሕፃንነቷ ረጋ ያለች ናት። አንቺ ጡጦሽን ጨርሰሽ የሷን ትቀሚያት ነበር፣ እሷ ዝም ብላ ታይሻለች።”

ጡጦ! ከዚያ ጀምሮ ነው እንዴ የተያዘብኝ?

መጋቢት 11

አገኘሁት! ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ቤት። በረንዳው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ከተማዋ በሙሉ እግርህ ሥር... ጣሪያዎቹ፣ ሐይቁ፣ የባቡር ሐዲዱ እንደ ክር።

አስተናጋጁ የወሰደኝ ግን እጅ መታጠቢያው ጋ ነው። ፊቴ ላይ ግድግዳ፣ ጎኔ ሳሙና። ሰው እየመጣ ይታጠባል፣ ውኃው ይረጨኛል። ተቀመጥኩ። ሕግ ነው። ሻይ አዘዝኩና ግድግዳውን አየሁት። ግድግዳ ነው... ምን ይጻፍለታል? እመቤቲቱ ብትሆን ከዚህ ምን ታወጣ ነበር? ይሄን ሳስብ ነው ደሜ የፈላው።

አስተናጋጁን ጠራሁት። ምን ዓይነት ድምፅ እንደወጣኝ አላውቅም። “ከመጽሔቱ ነኝ” አልኩት።

ባለቤቱ ራሱ እየሮጠ መጣ። “ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን! እዚህማ አትቀመጪም!” ዳር ላይ፣ ምርጡ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ። ሽማግሌው የዓሣውን አጥንት እየለቀሙ ሚስታቸውን ያጎርሳሉ።

“አባባ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ቦታ የተያዘ ነው። እናዛውራችሁ።”

“ቅድም ባዶ ነው አላላችሁንም?”

“ተው እንግዲህ” አሉ ሴትዮዋ። “ልጅቷ ትቀመጥ።” ሳህናቸውን ራሳቸው ይዘው ተነሡ። ወዴት? እጅ መታጠቢያው ጋ።

መቀመጥ አልነበረብኝም። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ሙቀት ነበረው። ትራስ አመጡልኝ፣ የትከሻ ልብስ አመጡልኝ። እይታው... እውነቱን ልናገር? እንዲህ ያለ እይታ በዕድሜዬ አላየሁም። ወደ ኋላ ግን አንዴም አልዞርኩም።

መጋቢት 13

አነበቡት! ጮክ ብለው! “ከተማዋ እጇን ዘርግታ የምትጠብቅህ” የሚለው ጋ ሲደርሱ ፎቶ አንሺው “ወይ ጉድ!” አለ። እመቤቲቱ ደግሞ ወንበሯን ወደኔ አዙራ፣ “አንቺ፣ ይሄንን ከየት አመጣሽው? እንዴት ያምራል!”

ከልቧ ነው። አውቃታለሁ፣ ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል። አልቀላም። ምነው ትንሽ እንኳ ብትቀና? ለደቂቃ?

አለቃችን “ጥሩ ጽሑፍ ነው” ብለው ወረቀቱን ለብቻ አስቀመጡት። ለብቻ ማስቀመጥ ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

ለእማዬ ደወልኩ። “ጮክ ብለው” አልኳት። ለአክስቴ እንደምትደውል አልጠራጠርም።

መጋቢት 17

አለቀልኝ። አለቃችን ዛሬ “አሁን ቤት ተቀያየሩ” አሉ። የመጽሔቱ ልማድ ነው ለካ... ሳይታተም በፊት አንዷ የሌላዋን ምግብ ቤት ሄዳ መጥፎው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ያየችውን ትጽፋለች። እኔ ሐይቁ ዳር። እሷ ገደሉ አፋፍ።

ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እግዜር ይወቀው።

መጋቢት 18

ሄድኩ። ስህተት ልፈልግ ነው የሄድኩት፣ ለራሴ አልዋሽም። ደረጃው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ማን ይቀመጥበታል! ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ጫማ፣ አንድ ነጭ ሸራ ጫማ። ደስ አለኝ። “ይኸው!” አልኩ። ምሰሶዎቹ መሀል ያለችው ክፍተት የበር ስንጥቅ ታህላለች።

ከዚያ መሸት አለ።

ማዶ አንድ መብራት በራ። ቀጥሎ ሌላ። ከክፍተቷ ጥበት የተነሣ አንዱን ካየሁ በኋላ ሌላውን መጠበቅ ነበረብኝ... እየጠበቅሁ ሻዬ ቀዘቀዘ። ዳር ላይ ያሉት ጀርባቸውን ሰጥተው ፎቶ ይነሣሉ። ማንም አላየም። እኔ ብቻ አየሁ። እሷም፣ ከኔ በፊት።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ውበቱ አይደለም ያስለቀሰኝ። እውነት መሆኑ ነው። አንዲት ቃል አላጋነነችም። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ቀድሜ ብቀመጥ ጫማ ቆጥሬ እነሣ ነበር። ሥራዋን ብቀማት አንድ ነገር ነው። ዓይኗን እንዴት አድርጌ ልቀማት?

ቤት ገብቼ ጻፍኩ፦ “ከደረጃው ጎን ያለው ወንበር የአስተናጋጅ ጫማ እንጂ ሌላ አያይም። ባይካተት ይሻላል።” ጨርሻለሁ። ነገ ማስገባት ብቻ ነው የቀረኝ።

መጋቢት 19

ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ደወለች።

“አንቺ፣ ያንቺ ቤት ሄጄ ነበር።”

“እሺ?”

“ከበሩ ሳልገባ አስተናጋጁ ‘የመጽሔቷ! እንደ ባለፈው ዳር ላይ?’ ብሎ እጄን ሊይዘኝ ነው። እኔን አንቺ አድርጎኝ።”

መንታ ትመስላላችሁ... የሚሉት ነገር።

“ለአለቃችን አልናገርም” አለች። “ዛሬ ሄደሽ መጥፎው ላይ ተቀመጪና እንደገና ጻፊው። እኔ የኔን አዘገየዋለሁ። አመመኝ እላለሁ።”

“ማን ለመነሽ?”

“ማንም።”

“ለአክስቴ ልትነግሪያት ነው? ‘አዳንኳት’ ልትዪ?”

“ስታድጊ ደውዪልኝ” ብላ ዘጋችው።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትናገርብኝማ ዕድሜ ልኬን እጠላት ነበር፣ እፎይ እል ነበር። አሁን በምን ልጥላት? ደግነቷ እንኳ ይቀናበታል እንዴ? ይቀናበታል። እየቀናሁበት ነው፣ ቁጭ ብዬ።

ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ከበሩ ተመለስኩ። እጅ መታጠቢያው ጋ ማንም አልነበረም፣ ለኔ ግን ሽማግሌው አሁንም ዓሣ እየለቀሙ የተቀመጡ መሰለኝ።

መጋቢት 20

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩትን ሰረዝኩት። ስለ ሐይቁ ዳር ያየሁትን ጻፍኩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቀዘቀዘው ሻይ። እጄ እንቢ እያለ። ከዚያ አለቃችን ጋ ገባሁ።

“ገደሉ አፋፍ ያለው ቤት... ማን እንደሆንኩ ነግሬ ነው የተቀመጥኩት።”

“አውቃለሁ” አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ነገረችብኝ! ፊቴ ላይ አንብበው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። “ማንም አልነገረኝም። ትራሱ ነው። ‘ጀርባዬን ለስላሳ ትራስ ላይ ጥዬ’ ብለሽ ጽፈሻል። እዚያ ቤት ስንት ዓመት በላሁ፣ የትራስ ዘር አይቼ አላውቅም።”

ትራስ!

“ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልነገሩኝም?”

“አንቺ ትመጪ ወይ እሷ ትመጣ እንደሆነ... ልይ ብዬ ነው። እሷ ‘ታምሜያለሁ’ አለችኝ። መዋሸት አትችልም፣ ጆሮዋ ይቀላል።” ሊስቁ ሲሉ ተዉት። “ጽሑፍሽ ያምራል። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ግን ያን ያነበበ ሰው ደክሞ ሄዶ እጅ መታጠቢያው ጋ ይቀመጣል። ጽሑፉ አይታተምም።”

ስለ ሽማግሌውና ስለ ባለቤታቸውም ነገርኳቸው። እሱን አላወቁም ነበር። ያኔ ነው ለብቻ ያስቀመጡትን ወረቀቴን አውጥተው የመለሱልኝ።

መጋቢት 30

እሷ ቀረች። እኔ ወጣሁ። እንዲህ ሲጻፍ እንዴት አጭር ነው!

ዕቃዬን ስሰበስብ አለቃችን መጡና “ዝናብ ሲገባ ስለ ዝናብ ጊዜ በረንዳዎች እናወጣለን” አሉኝ። “ጣሪያው የሚያፈስበት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የጻፍሽው ካለ አምጪልኝ። ቃል አልገባም።” ቃል አልገባም ሲሉ እንኳ ልቤ ዘለለ። ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠኝ?

እመቤቲቱ አቀፈችኝ። እንደ ግንድ ቆሜ ታቀፍኩ።

ሚያዝያ 4

እማዬን ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። ቦታ ሳልይዝ።

“ከደረጃው ጎን ያለው ብቻ ነው የቀረው” አለ አስተናጋጁ፣ እያፈረ።

“እሱኑ ነው የምንፈልገው።”

እማዬ ጥሩ ጫማዋን አድርጋለች። “ከሥራ መውጣትሽ አነሰሽና ደግሞ ሽንት ቤት በር ላይ ታስቀምጪኝ?”

“ደረጃ ነው እማዬ።”

“ደረጃስ ቢሆን! የሰው ጫማ እያየሁ ልብላ?”

“ትንሽ ታገሺ።”

ዓሣ አዘዝን። ስለ ወንበሩ አጉረመረመች፣ ስለ ንፋሱ አጉረመረመች፣ ስለ ፀጉሬም። ከዚያ መሸት አለ። አንዱ በራ። አንድ ቃል ጀምራ ነበር፣ መሀሉ ላይ ተወችው። ሌላው በራ። ሹካዋን አስቀመጠች። እማዬ ዝም ስትል ስንት ጊዜ ነው ያየሁት?

“ይሄን ቦታ ማን አገኘው?” አለች ቆይታ፣ በቀስታ።

“እኔ” ምላሴ ላይ ነበር። ማን ያጣራል? የተዘጋጀ ነበር፣ ለስላሳ ነበር... እንደዚያ ትራስ።

“የእህትሽ ልጅ” አልኩ።

“እሷማ ድሮም ዓይን አላት” አለች። “ብዪ፣ ዓሣሽ ቀዘቀዘ።”

ወጋኝ። እዚያው፣ የድሮው ቦታ ላይ። ግን አልተነሣሁም፣ ፊቴንም አላጠቆርኩም። ስልኬን አውጥቼ ክፍተቷን ፎቶ አነሣሁ፣ የእማዬ ጆሮም ገባበት። ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ምንም አልጻፍኩበትም።

ወዲያው መለሰች። “ስታድጊ ደውዪልኝ ነው ያልኩሽ፣ ፎቶ ላኪ መቼ አልኩሽ?”

ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ “ምን ያስቅሻል?” አለች። “ያቺ ልጅ ናት” አልኳት። እመቤቲቱ አላልኩም፣ በሆዴም እንኳ።

ነገ እደውላለሁ። ነገ ካልሆነ... አይ፣ ነገ።