የቆረበች ልጅና የጠፈር ወንበር

ቅዳሜ

ጥፋቱ የአስተማሪ ጋሻው ነው። የሌላ የማንም አይደለም። ዛሬ ጠዋት የልጄን ልጅ ትርንጎን አስቆርቤ በዚያው ወደ ጠፈር ትምህርቱ ወሰድኳት። ለክረምቱ የተከፈተ ነው፤ ልጆቹ ቀን ውለው ማታ ይመለሳሉ። የካርቶን ቆብ ያጠልቃሉ፣ የጨረቃ ነው እያሉ የወንዝ ድንጋይ ይለቅማሉ። ዛሬ ወላጅ መጥቶ ይይ ተብሎ ነበር።

በሩ ላይ "ቆርባለች፤ እንዳትሮጥ፣ እንዳትዘል" አልኩት። "እሺ እማማ" አለኝ። የዳባት ልጅ ነው፤ ሥርዓቱን ያውቃል።

የእግሬን ጭቃ ታጥቤ ስገባ ጋሻው ከቢሮ ባመጡት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጧት ያዞራታል። ሮኬት ውስጥ እንዲህ ነው አሉ። ልጆቹ "ትርንጎ! ትርንጎ!" ይላሉ። ትስቅ ነበር። ስትወርድ አስታወከች።

ቅዱስ ቁርባኑን። ሲሚንቶው ላይ።

በነጠላዬ ጠረግሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ክርስቶስን ተፋሽው! አፍሽ ይዘጋ!" አልኳት። ጋሻው "እሷ እኮ ናት ተራዬ አይለፈኝ ብላ የለመነችኝ" ይለኛል። ጢም ያወጣ ሰው በሰባት ዓመት ልጅ ያመካኛል።

እሑድ

ነጠላውን ለመምሬ ካሳ ወሰድኩ። ተቀብለው በሥርዓቱ አቃጠሉት። "ሕፃን ናት፣ ሕመም ነው፤ ኃጢአት አይባልም" አሉኝ። ቀጥለው "አንቺስ ምን አልሻት?" አሉ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ውኃ ብቻ። ኩርፊያ ነው፣ ይለቃታል።

ሰኞ

አልለቀቃትም። ድንች ቀቀልኩ፣ በሶ በስኳር በጠበጥኩ። አፏን ገጥማ ራሷን ትነቀንቃለች። ጎረቤቴ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ መጣች። "ትርንጎዬ፣ ሮኬት ያለ ነዳጅ ይነሳል እንዴ?" ስትላት ፈገግ አለች። ግን አልበላችም። በጆሮዋ "ከበላሁ እንደገና ይወጣል፤ አያቴ ትጮሃለች" አለቻት።

ይህን የሰማሁት ከዘሀራ ነው። እናቷ ለሥራ መተማ ከወረደች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ፤ ምስጢሯ ግን ለዘሀራ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ይህን ለመጻፍ ከሆነስ ባልቆጠርኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሆዷን ነካክታ "ምንም የለባትም፤ በግድ አያብሏት። እስከ ነገ ካልበላች አስተኝተን ጉሉኮስ በመርፌ ነው የምንሰጣት" አለችኝ። የልጅቷን ክንድ አየሁት። መርፌው የሚገባበት ሥጋ የላትም።

ከሰዓት ጋሻው በዝናብ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "እማማ፣ ልያት?" አለኝ።

"ምን የቀረህ አለ?"

"ነገ ይላኩልኝ። ወንበሯን ወደ ቢሮ መልሰናታል።"

አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ሰደብኩት። ቆሞ ሰማኝ። ድምፁን ስትሰማ ትርንጎ ከመደቡ ተነስታ ተቀመጠች። እኔ ስጠራት ግን አትነሳም።

ረቡዕ

ላክኋት። ምን ምርጫ አለኝ? ዘሀራ አዝላት ሄደች፤ እኔ ከኋላ ተከትዬ በመስኮት አየሁ። ጭጋጉ ከቡይት ራስ ከፍታ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ማንም አላየኝም።

ምሳ ሆነ። ጋሻው ብዪ አላላትም። አጠገቧ ቆሎና ድንች አስቀምጦ ጀርባውን ሰጣትና የጨረቃ ሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ሌሎቹም ልጆች የየራሳቸውን ይበላሉ። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንዲት ፍሬ ቆሎ አነሳች። ደግሞ ሌላ። ድንቹን ገምጣ ዋጠች። አልወጣም። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከዚያ ሰው ሳህን በልታ ከእኔ እጅ መጦሟ አንጀቴን አሳረረው።

ማታ ሽሮ አቀረብኩ። ጠቅልዬ ወደ አፏ ሳስጠጋ ከንፈሯን ገጠመች። የምታየው ጉርሻውን አይደለም፤ አፌን ነው። ምን እንደምል ትጠብቃለች። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ስመለስ የሳህኑ ግማሽ የለም፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ጋሻውን ይቅር አላልኩትም፤ አልለውምም። እሷን ግን ከእንግዲህ አላጎርሳትም፤ በራሷ እጅ ትብላ።