ጣቴ ያረፈበት የምስክር ወረቀት

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
መስከረም 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ልጄ መሸሻ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ በቅድሚያ ጤንነት ይጠየቃል ብለው አስተምረውኛል። እኔ ግን አልጠይቅህም። ጤነኛ መሆንህን ፎቶግራፍህ ይናገራል። ጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ፣ አውሮፕላንህን ተደግፈህ ጥርስህን ታሳያለህ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። የወለዱትን ልጅ ፊት መጸየፍ ክፉ ነገር ነው፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነውና ልዋሽህ አልፈልግም።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የደረሱህ ደብዳቤዎቼ ሁሉ በመምህር ተክለጻድቅ እጅ የተጻፉ ነበሩ፤ ያንተንም የሚያነብልኝ እሱ ነበር። አሁን ግን ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት፣ ቀለሟ የምትባል ካንተ በዕድሜ የምታንስ አስተማሪ ዘንድ፣ ዓመት ሙሉ ከምሳ በኋላ እየሄድኩ ፊደል ቆጥሬአለሁ። የንስሐ አባቴ ሰምተው በስተርጅና ሚሲዮን ልትገቢ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። ፊደሉ ያው የኛው ፊደል ነው አልኳቸውና መሄዴን ቀጠልኩ። መስመሬ ቢጣመም ታገሠኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እርሳስ ያስጨበጠኝ ምን እንደሆነ ስትጨርሰው ይገባሃል።

ያን ማክሰኞ ላስታውስህ። ጥር 1957፣ የጥምቀት ሰሞን። ለልምምድ በወለጋ በኩል ስለምናልፍ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቀና ብለሽ ሰማይ እይ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ነገርኩ። ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጮቹ ሳይቀሩ፣ ልጅሽ ዶሮዎቻችንን አስደንግጦ እንቁላል እንዳያስተዋቸው ንገሪው እያሉ ሲቀልዱብኝ በኩራት እስቅ ነበር።

ሰኞ ዕለት ኦቦ ሞረዳ ሞቱ። በባኬ ጃማ በኩል ይኖሩ የነበሩትን ትልቁን ሽማግሌ ታስታውሳቸዋለህ፤ ሰው የተጣላ እንደሆነ ሳይጠሩ የሚመጡትን። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለቀብር ወጣን። ባገሩ ወግ ፈረሳቸው ተሸልሞ፣ ጋሻቸው ኮርቻው ላይ ታስሮ፣ ከቃሬዛው ፊት ፊት ይሄድ ነበር። የሚስበው ገቢሳ ነው። የኛው ጎረቤት ገቢሳ፣ የድርቤ ባል። እግዜር ልጅ ያልሰጣቸው ሰዎች ስለነበሩ አንተን እንደ ልጃቸው ያዩህ ነበር፤ አባትህ ሲሞት ሁለት ክረምት መሬታችንን ያረሰልን፣ ወታደር ቤት የሄድክ ዕለትም ሣጥንህን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ የጫነልህ እሱ ነው።

ሜዳው መሃል ስንደርስ መጣህ። መጀመሪያ ያለፈብን ጥላህ ነው፤ ድምፁ ከኋላ ደረሰ። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ምን እንደሚጥል ያዩ ሽማግሌዎች ምድር ላይ ተደፉ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ለቀቁት። የኦቦ ሞረዳ እግር ከመግነዙ ወጥቶ አፈር ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? እልል አልኩ። ሬሳ መሬት ወድቆ፣ ሰው ሁሉ በደረቱ ተኝቶ፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ ነው እያልኩ እልል አልኩ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ላንተ የነገርኩህ ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳልጻፍኩልህ እንድታውቅ ነው።

ዞረህ ሁለተኛ መጣህ፤ አሁን ዝቅ ብለህ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍፈው ወደ ሰማይ ያወናጭፉ ጀመር። ሂድ ማለታቸው ነው። ለቅሶ ነው፣ ስለ ማርያም ተወን ማለታቸው ነው። እልልታዬን ትቼ እኔም ነጠላዬን አወናጨፍኩ። አንተ ክንፍህን ግራና ቀኝ አወዛወዝክልንና ሦስተኛ ተመለስክ፤ ያን ጊዜ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በታች ነበርክ።

ፈረሱ ሽቅብ ቆመ። ገቢሳ ፈረሱ አምልጦ ሴቶቹን እንዳይረግጥ ብሎ መሳቢያውን ጠፍር እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞት ነበር። ጠፍሩ ሊፈታለት አልቻለም። ፈረሱ ሜዳውን አቋርጦ ወንዙ ዳር ድንጋዩ እስካለበት ድረስ ጎተተው። ስንደርስ የነበረበትን ሁኔታ አልጽፍልህም፤ ድርቤ ብቻ ናት ልትነካው የደፈረች። ሦስት ቀን ተኛ፤ ዓርብ ሞተ።

አዎ መሸሻ። ገቢሳን የገደልከው አንተ ነህ። ይህን ቃል ስታነብ የመጀመሪያህ መሆኑን ያወቅሁት ገና ባለፈው ነሐሴ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ገቢሳ ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤህ መጣ። መምህር ተክለጻድቅ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁላችሁም ነጠላችሁን እያውለበለባችሁ ስትቀበሉኝ አንጀቴ አልችል ብሎ ሦስተኛ ተመለስኩ ብለሃል። ቀጥሎ ያለው ቃል በቃል አይረሳኝም፦ "ያ የተሸለመ ፈረስ ሲጨፍር ከላይ ሆኜ አየሁት።" ድርቤ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትሰማ ነበር። እንስራዋን አንሥታ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። ድሮ ሀዸ መሸሻ ነበር የምትለኝ፤ የመሸሻ እናት። ያገሩን ሕግ ታውቃለህ። ደም በመካከል ከገባ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ዕርቁ፣ ጉማው፣ እስኪያልቅ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን አንድ ውሃ አይጠጣም፣ እሳት አይጫጫርም። እኔ የሸዋ ዘር ነኝ፣ አይመለከተኝም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ይኸው ከታችኛው ምንጭ እየቀዳሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳገቱን ማድጋ ተሸክሜ ስወጣ አርፌ የምተነፍስባት ድንጋይ እንኳን ታውቀኛለች።

የድርቤ ወንድም ደረሳ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር። ከብት አንፈልግም፣ ይምጣና ፊታችን ቆሞ እኔ ነኝ ይበል፤ ሳያውቅ እንደሆነ እናውቃለን አለ። ከዚያ የተሻለ ቃል ከማንም አልሰማሁም። ጉዳዩን ሹሙ ዘንድ ሲያደርሱት ግን፣ አውሮፕላኑ የመንግሥት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ጉማ የሚቀመጥ ማነው ብሎ ሳቀባቸው።

እኔም መምህር ተክለጻድቅን ጠርቼ ጻፍልኝ አልኩት። ገቢሳ በአውሮፕላንህ ምክንያት ሞቷልና ፈቃድ ጠይቀህ ፈጥነህ ና፣ ሽማግሌ ይጠብቅሃል በልልኝ አልኩት። ጻፈ። ሁለተኛ ወረቀትም ከኪሱ አወጣና ይሄ ያገር ሰው ሰላምታ ነው፣ አንቺም ጣትሽን አኑሪበት አለኝ። ቀለም አስነክሮ አውራ ጣቴን አስጫነኝ። መልስህን ስጠብቅ ወር አለፈ። ሲመጣም ሰላምታና ናፍቆት ብቻ ነው የተነበበልኝ። ስለ ገቢሳ አንድ ቃል የለም። ነገሩን ሰምቶ ዝም አለ ብዬ ወሰንኩ። ማርያምን፣ በዚያ ሰዓት አንተን የተሸከመ ሆዴን ተጸየፍኩት።

ፊደል የቆጠርኩት ልረግምህ ነው። እርግማን በሌላ ሰው እጅ አይጻፍም።

ነሐሴ ላይ ማንበብ ስችል የድሮ ደብዳቤዎችህን ከሣጥን አወጣሁ። ያችን መልስህንም አገኘኋት። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ ነው ያነበብኳት፦ "እማዬ፣ የጋሽ ገቢሳን ዕረፍት ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ለመሆኑ በምን ታመው ነው? ደንቡ ከአምስት መቶ ጫማ በታች አትውረዱ ስለሚል ጓደኞቼ ዝቅ ብዬ ማለፌን አናምንህም ብለውኝ ነበር። ያንቺ አውራ ጣት ያለበትን የምስክር ወረቀት ሳሳያቸው አፋቸው ተዘጋ። ውርርዱን በላሁ።"

የምስክር ወረቀት። ለካ እንዲጻፍልህ መምህሩን ራስህ ለምነኸው ኖሯል። ያገሩ ሰዎች ጠጅ ቤት ተቀምጠው፣ ከባሕር ዛፉ በታች ነበር፣ አይደለም ከጎጆው ጉልላት በታች ነበር እየተባባሉ ዝቅታህን ሲለኩልህ የገቢሳ አርባ ቀን ገና አልደረሰም። ከፈራሚዎቹ መካከል ሬሳውን የተሸከሙ ሰዎች አሉ። የኔ ጣትም እዚያው አለ፤ ጥቁር ሆኖ፣ ከሁሉም በላይ።

ወረቀቷን ይዤ መምህር ተክለጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። አልካደኝም።

"ለወታደር የሚሄድ ደብዳቤ ይከፈታል፣ እትዬ ወሰኔ" አለኝ። "ሰው ገደለ ብዬ ብጽፍ ልጅሽን ያባርሩታል፣ እኔንም ማን ጻፈው ይሉኛል። ገቢሳ አረፈ ብዬ ጻፍኩ። አላረፈም?"

"ጣቴንስ?"

"ጣትሽን ማን ያዘሽ?"

እውነቱን ነው፤ ማንም አልያዘኝም። ሰላምታ ነው ሲለኝ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ልጄን ሰላም ይላል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የጫንኩት።

ስለዚህ አታውቅም ነበር። ይህን ሳውቅ እርግማኑን ተውኩት። ግን ልቤ ነጻ አወጣህ ብለህ እንዳታስብ። እዚህ ያደግህ ልጅ ነህ። ነጭ የለበሰ ሰው፣ ቃሬዛ፣ የተሸለመ ፈረስ በዝግታ ሲሳብ ስታይ ምን መሰለህ? ዘጠኝ ዓመትህ ሳለ ለቅሶ ቤት አጠገብ ፈረስ አስጋልበህ ገቢሳ ልጓሙን ይዞ ሲያወርድህ አይቻለሁ። ለቅሶ ሲያጋጥምህ ወርደህ ትስባለህ እንጂ አትጋልብም ብሎ፣ እስከ ቤት በእግርህ አስኬደህ። ሁለት ጊዜ አልፈህብን አላወቅኸንም? ወይስ ዓይንህ ያየው ጓደኞችህ የሚሉህን ብቻ ነው? ያስጠላኝ ይሄ ነው። ከዚያ ከፍታ ሁሉም ሰው የሚያጨበጭብልህ ይመስልሃል።

አሁን ደግሞ ለጥቅምት 23፣ ለዘውዱ በዓል፣ በሜዳው ላይ ዝቅ ብለህ እንድታልፍ የበዓሉ ኮሚቴ ሰዎች ጠርተውሃል፤ አንተም እሺ ብለሃል። የኮሚቴው ጸሐፊ ያው መምህር ተክለጻድቅ ነው። ለኔ ከፊት ወንበር ተይዞልኛል፣ ጃንጥላ የሚይዝልኝ ሰው ሳይቀር። ልብስ እንድሰፋም ጨርቅ ላኩልኝ። ጨርቁን በር ላይ አስቀመጥኩት፤ ፍየሎች ሲረግጡት ዋሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ደረሳን አስጠርቼ፣ እሱ አጥሩ ላይ ቆሞ፣ ድርቤ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ሆነን፣ ደብዳቤህን በኔው አፍ አነበብኩላት። በምን ታመው ነው የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"አልነገሩትም?"

"አልነገሩትም።"

ደረሳ ታዲያ አሁን ይጻፍለትና በበዓሉ ሲመጣ ያኔ እናየዋለን ብሎ ሊያግባባት ሞከረ። እሷም እንዲህ አለች፦

"እኔ ወደ ላይ አንጋጥጬ ከሰው አልታረቅም። ያለበት ውሰዱኝ።"

ስለዚህ እንሄዳለን። ደብዳቤው ይቀድመናል ብዬ ነው ዛሬ ፖስታ ቤት የምሰጠው። አለቆችህ ከከፈቱት ያንብቡት፤ ጣቴን አኑሬ የመሰከርኩልህን ሁሉ በእጄ ጽፌ ማንሣቴንም ይወቁት። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ እንሳፈራለን። ደረሳ ከመካከላችን ይቀመጣል፤ ገና አልታረቅንምና ስንቃችን ለየብቻ ተቋጥሯል፣ ውሃችንም በሁለት ቅል ነው። መንገዱ ከነማደሪያው ሁለት ቀን ይፈጃል ብለውናል። ድርቤ ከነቀምቴ ወጥታ አታውቅም፤ እኔም ብሆን ካምፓችሁን የማውቀው በፖስታው ላይ ባለው አድራሻ ነው። ግን አሁን አነበዋለሁ።

ዘበኛው ማንን ፈልጋችሁ ነው ሲለን ስምህን የምናገረው እኔ ነኝ። የመጣንበትን ጉዳይ የምትናገረው እሷ ናት። ወጥተህ ፊቷ ቁም። ካልወጣህ እስክትወጣ በሩ ላይ እንቀመጣለን፤ ለእኔም ለእሷም ቶሎ ተመለሺ የሚል ሰው ቤት ውስጥ የለንም።

እናትህ
ወሰኔ