ምላሴን ያየሽ ቀን

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? የመኝታ ክፍላችሁ መስኮት ዛሬም አልገጥም እንዳለ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ ስታነቢው ይገባሻል።

ትናንት አባትሽ ደውሎ የነርስነት ትምህርትሽን ልታቋርጪ መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቷን ጠይቄ አልመለሰችልኝም አለ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ወር ቤቴ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ማንቆርቆሪያውን ከምድጃ ላይ በባዶ እጄ አነሣሁት። የጮኽሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልተሰማኝም። መዳፌን ገልብጠሽ አየሽ፣ የዓይኔን ሽፋን ገለጥሽ፣ ከዚያ “እማማ፣ እስቲ ምላስዎን ያሳዩኝ” አልሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ያስተማርኩ ሴት ምላሴን አወጣሁ። ቀልቷል፣ እንደ መስተዋት ልሙጥ ሆኗል አልሽኝ። እግርዎን ይደነዝዝዎታል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። በመሳቢያዎቹ ላይ የለጠፍኳቸውን ወረቀቶችም አነበብሽ፦ ማንኪያ፣ ክብሪት፣ መድኃኒት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቂኝ ለሥርዓት ነው አልኩሽ። አንቺም የቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት እጥረት ይመስለኛል፣ ደም ይመርመሩ አልሽ።

እኔስ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ ሳቅሁብሽ። ቀጥዬም “አንቺ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሽም” አልኩሽ። ምሳ ሳትበዪ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እግሬ ከዓምና ጀምሮ ደንዝዞ ነበር። ጫማው ነው ብዬ ሦስት ጫማ ለወጥኩ። ፊቴ ሲገረጣ ለራሴ የብረት ኪኒን አዘዝኩና አራት ወር ዋጥኩ። ያለ ምርመራ መድኃኒት የምታዝ ተማሪ ብትገጥመኝ ከክፍል አስወጣት ነበር። ወረቀቶቹን ያስለጠፈኝን የመርሳት ነገር ግን ምን እንደሆነ ያወቅሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ሁሉን ረስታ እኔን ልጇን “እትዬ” እያለች ትጠራኝ ነበር። ይህን አንቺ አታውቂም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ሄድኩ። የሄድኩት መሳሳትሽን በወረቀት ላስመሰክር ነው። ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። ውጤቱን አየና ቫይታሚኑ እጅግ ማነሱን ነገረኝ። ዕድሜዬና ለዓመታት የዋጥኩት የጨጓራ ኪኒን ተባብረው ሆዴ ከምግብ እንዳይወስደው አድርገውታል፤ ብበላም ስለማይበቃኝ መርፌ ያስፈልጋል አለ። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ ተወጋሁ፤ ከእንግዲህ በየወሩ ነው። ምላሴን ያቃጥለኝ የነበረውም ቆሟል። ጭንቅላቴም ጠርቷል፤ ወረቀቶቹን ባለፈው ሳምንት ገነጠልኳቸው። ቀኝ ተረከዜ ብቻ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም፤ ነርቭ አይቸኩልም ብሎኛል ሐኪሙ።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ እጄ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። እጄ ግን ከወር በፊት ተሽሎት ነበር።

ስሕተትሽን ሳልነግርሽ አላልፍም። ምላሴን ያየሽው በአምፖል ነው። አምፖል ቀለም ይዋሻል፤ በሽተኛ ወደ መስኮት ይወሰዳል። እግሬንም ዓይኔን አስጨፍነሽ በጥጥ መፈተን ነበረብሽ፤ በጥያቄ ብቻ አለፍሽው። ስለዚህ ከአሥር ስምንት ሰጥቼሻለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በተግባር ፈተና ከሰባት ተኩል በላይ ከእኔ ያገኘ የለም፤ አክስትሽን ጠይቂያት፣ እሷንም አስተምሬ ስድስት ነው የሰጠኋት፣ እስከ ዛሬም ታኮርፈኛለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐኪሙ መዝገቡን እየጻፈ ምልክቱን መጀመሪያ ማን እንዳየው ጠየቀኝ።

“የሙያ ባልደረባዬ” አልኩት።

ቀና ብሎ የት እንደሚሠሩ ጠየቀኝ፤ አንቱ ብሎሻል። ልታቋርጪ ማሰብሽን ያን ጊዜ አላውቅም፤ ቢሆንም ገና ተማሪ ናት ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ሆስፒታል በሥራ ላይ ናት አልኩት፤ እሱም እንዳልኩት ጻፈው። በዕድሜዬ ሙሉ ለሐኪም ዋሽቼ አላውቅም። የፊታችን ሰኞ ነጭ ጋውንሽን ተኩሰሽ ልበሺና ሆስፒታል ለተግባር ልምምድሽ ገብተሽ ቃሌን እውነት አድርጊልኝ።

እጅሽ የዳሰሰው ይዳን። ዓይንሽ አይፍዘዝ። ካንቺ የሚማር ይብዛልሽ።

አያትሽ