የአንሶላው ማዶ ጫፍ

ውድ ባለቤቴ፣ የአንሶላዬ ማዶ ጫፍ፤

በዚህ ከተማ እንደ እኔ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው የለም። መምህራችን ራሷ ጽሑፌን አይታ ዝም ብላለች፤ ሰው ደግሞ ዝም የሚለው ሲደነቅ ነው። እሺ፣ ከተማው ይቅር፤ ከማታ ትምህርት ክፍላችን አንደኛ ነኝ። እሺ፣ ክፍሉም ይቅር፤ ከምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር አንደኛ ነኝ። እዚያ የምንቀመጠው እኔና የሆስፒታሉ ዘበኛ ብቻ ነን፤ እሱም መነጽሩን ቤት እየረሳ ይመጣል። ያም ሆነ ይህ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። «አንተና ፊደል ተጣልታችኋል» ትይኝ አልነበር? ታርቀናል። ያስታረቀን ያንቺ ሞት ነው።

እኔና አንቺ ያረጀነው ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ አንሶላ ስናጥፍ ነው፤ አንቺ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ያጥፋል። አንቺ ግን መጀመሪያ ሁለቴ ለስለስ አድርገሽ ትስቢያለሽ፤ ትንሽ ትቆያለሽ፤ ከዚያ አንዴ ጠበቅ። ያኔ እናራግፍና አንዳችን ወደ ሌላችን እንራመዳለን። መሃል ላይ ስንገናኝ ጫፎቼን ከእጄ እየተቀበልሽ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣሁ ሁሉ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ትይኛለሽ። እኔም «መንገዱ አቧራ ነው» እላለሁ። በየአንሶላው! ያ ልብስ ተኳሹ ወዳጃችን፣ ካውያው የምንለው፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሄዳችሁ ሳትጨርሱ ትመጣላችሁ» እያለ ይቀልድብን ነበር።

አንቺ ከተቀበርሽ በኋላ ሥራ ስገባ አለቃችን እትዬ ቶሎበሉ ሌላ ሰው ልታቆምልኝ ፈለገች። እምቢ አልኩ። ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁና የአንቺን ጫፍ እሱ ላይ አንጠለጠልኩት። ምስማር ጥሩ ባልደረባ ነው። አያረፍድም፣ አይደክመውም፣ ጉራዬንም ሳያቋርጥ ይሰማል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ማንበብ አይችልም። አንሶላው ጥግ ላይ በቀለም የተጻፈውን የክፍል ስም ታነቢልኝ የነበርሽው አንቺ ነሻ! እኔና ምስማሩ ተመካክረን የምግብ ቤቱን የጠረጴዛ ልብስ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ላክነው። ሐኪሙ ራሱ ደረጃውን ወርዶ መጣና፣

«ምሳ እዚያው ልታቀርቡልን ነው እንዴ?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅሁ። ከዚያ የሳሙና ካርቶኖቹ ኋላ ገብቼ አለቀስኩ። እዚያ ያገኘኝ ዘበኛው ነው። ምን ሆንክ አላለኝም። አጠገቤ ካርቶን ላይ ተቀመጠና «ማታ ማታ ፊደል ልማር አስቤ ነበር፤ ብቻዬን አፈርኩ። አብረኸኝ ብትሄድስ?» አለኝ። እሱ ሰውዬ ማፈር የሚባል ነገር እንደማያውቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ሄድኩለት።

አሁን የሚያስፈራውን ልንገርሽ፤ ምናልባት ከእኔ ይልቅ ታውቂው ይሆናል።

ያን አንሶላ ታስታውሽዋለሽ። ነጭ ክር አልቆብሽ ቀዳዳውን በሰማያዊ የሰፋሽው፣ «ማን ያየዋል» ብለሽ። መጨረሻ ላይ ታመሽ የተኛሽው እሱ ላይ ነበር። አንድ ቀን ታጥቦና ደርቆ፣ እንደ ማንኛውም አንሶላ፣ ከሌሎቹ ጋር በጋሪ ወደ እኔ መጣ። በክሩ አወቅሁት። ጫፉን ምስማሩ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ኋላዬ ሄድኩ። ሲወጠር፣ ከወዲያ በኩል ሁለቴ ለስለስ አድርጎ ሳበኝ።

ቆምኩ። ነፋስ ነው እንዳልል ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። እንፋሎቱ ከመወፈሩ የተነሳ ምስማሩ አይታየኝም። ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንዴ ጠበቅ።

«አንተ ጉረኛ፣ ምን ሆነህ ነው የተገተርከው?» አለ ካውያው።

«ባለቤቴ ሳበችኝ።»

«ታዲያ አንተም ሳባታ!» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

አንሶላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ይተኛበታል፤ ተመልሶ ይወርዳል። እኔ እንደ ዘመድ እጠብቀዋለሁ። ሌሎቹ አንሶላዎች ዝም ናቸው፤ እሱ በመጣ ቁጥር ግን ሁለቴ ለስለስ፣ አንዴ ጠበቅ። ጠበቅ ያለችው ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበረታች ሄደች። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬን ባለሁበት አስቀርታ እኔን በባዶ እግሬ ወደ እንፋሎቱ ወሰደችኝ። ፊቴ ግድግዳው ጋ ሲደርስ፣ ሲሚንቶው ላይ ያንቺ ሳሙና ሸተተኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አልታገልኩም። ጠራሽኝ ብዬ ነው። ቤት ገብቼ ልብሴን ሁሉ አጣጥፌ አልጋው ላይ ደረደርኩት፤ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ለዘበኛው ሰጠሁት።

«ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ያዘው።»

ቁልፉን አየ፤ እኔን አየ። ኪሱ ከተተውና «ዛሬ ማታ ፈተና አለ» አለኝ። «አንተ ካልመጣህ ከማን ልቀዳ ነው? ሰው ጓደኛውን እንዲህ ሜዳ ላይ ይጥላል?»

ከእኔ ሊቀዳ! ከእኔ የሚቀዳ ሰው ከተገኘማ እንዴት ልቅር? ሄድኩ። ሁለታችንም ወደቅን፤ እኩል ነጥብ፣ እኩል ስህተት። መምህራችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ስታያቸው ያን የጥንት ሳቄን ሳቅሁ። ከሞትሽ ወዲህ ለይምሰል ሳይሆን የሳቅሁት ያኔ ነው። ዘበኛው ግን ቁልፉን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በዚያ ሰሞን እትዬ ቶሎበሉ ጉጠት ይዛ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከምስማር ጋር የሚሠራ ሰው ከእንግዲህ አላኖርም። ወይ ሰው ትይዛለህ ወይ ጠረጴዛውን ትለቃለህ።» ምስማሩን ነቀለችና ኪሷ ከተተች። ከኋላዋ አንዲት ሴት ቆማለች። ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ ከቤቷ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዛ የወጣች ናት ይላሉ። ስሟን ሳንጠይቅ አዲሷ አልናት።

ጠላኋት። ያንቺን ጫፍ ስትይዝ እጇን አየሁት፤ ጥፍሯን ነክሳ ጨርሳዋለች። አትስቅም፣ አታወራም። ጉራዬን እንኳ ሰምታ ዓይኗን አታነሳም፤ ምስማሩ ይሻል ነበር። ኋላ ግን አንድ ቀን የአንሶላ ጥግ ይዛ ጠጋ አለችኝና ሹክ አለች፦

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ይላል? እኔ አላነብም።»

ይኸውልሽ! ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ካውያው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የ… እ… ና… የእናቶች ክፍል» አልኩ። ካውያው ሥራውን አቁሞ አጨበጨበ። እትዬ ቶሎበሉ እንኳ «ቶሎ በሉ» ማለቷን ረሳች። ያን ቀን ምሳዬን እስከ መጨረሻው በላሁ፤ አዲሷ ከራሷ ሳህን ጨምራልኝ።

ከዚያ ያ አንሶላ መጣ። ሰማያዊውን ክር ከጋሪው ላይ አየሁት። ልደብቀው እጄን ስዘረጋ አዲሷ ቀድማ ጫፉን ይዛ ወደ እንፋሎቱ ገብታለች። ከወገቧ በላይ አትታየኝም፤ እጆቿ ብቻ።

ሁለቴ ለስለስ።

«ጋሼ፣ አይጎትቱኝ» አለች።

«እኔ አልጎተትኩም። አንቺ ነሽ።»

«እኔ እንኳን ልስብ፣ ተስቤ መውደቄ ነው።»

ከዚያ አንዴ ጠበቅ። ያኔ ገባኝ። አንሶላው የሚስበው ወደ እሷም ወደ እኔም አልነበረም። መሃሉ፣ ስፌቱ ያለበት ቦታ፣ አንድ ሰው ከሥር በሁለት እጁ ጨብጦ እንደያዘው ተጨምድዷል፤ እኔን ከዚህ፣ እሷን ከዚያ እየጎተተ ወደ መሃል ያመጣናል። ሳንወድ ተራመድን። እንፋሎቱ ውስጥ ፊት ለፊት ስንገናኝ ስፌቱን ነካሁት፤ ሰው አሁን እንደተነሳበት መኝታ ይሞቃል። አዲሷ ጫፎቼን ተቀበለችኝና፣ ማንም ሳይነግራት፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። ካውያው በድንጋጤ የገዛ ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስቶት አሳረረው።

ቁልፌን ከዘበኛው ተቀበልኩ። ያጣጠፍኩትን ልብስ ወደ ሳጥኑ መለስኩት። አንሶላው አሁንም ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መሳብ ግን ተወ። አዲሷን ማታ ማታ ይዘናት እንሄዳለን፤ እኛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አንደኝነቴ አደጋ ላይ ነው።

መምህራችን ደብዳቤ ሲያልቅ የረሳችሁት ነገር ካለ ከሥር ጨምሩ ትላለች። እኔ የረሳሁት የለም፤ የፈጠርኩት ግን አለ። አዲሷ «እንኳን ደህና መጡ» አላለችም። ከየት ታውቀዋለች? ያልኩት እኔ ነኝ። ከፍርሃቷ የተነሳ ልትወድቅ ነበር፤ ጫፎቿን ከእጇ ተቀበልኩና «እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት። ያንቺን ቃል፣ ለሌላ ሰው። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው በእሷ አፍ ያስቀመጥኩት። እሷም፣ ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያላየነው ሴት፣ ፈገግ አለችና «መንገዱ ረጅም ነበር፣ ጋሼ» አለች።

ይህችን አልፈጠርኩም። ሁለቴ ለስለስ፣ አንዴ ጠበቅ ያለውን አሳሳብም አልፈጠርኩም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔም አንድ ቀን እመጣለሁ፤ ሳልጎተት፣ በእግሬ። እስከዚያው ጫፍሽን ሰው ይዞልሻል። ስደርስ የምትይኝን አውቃለሁ፤ መልሱንም አልረሳሁትም።

በዚህኛው ጫፍ ያለው
ጉረኛው ባልሽ