የሀረገወይን ሰንጢና በሰም የቀሩት እጆች

እኔ ቀኖ ዲንቃ፣ የመቱ ከተማ ነዋሪ፣ ሥራዬ ብረት መቀጥቀጥ፣ ዛሬ ግንቦት ፱ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም. በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ አእምሮዬን ግን የጋረደው ነገር የለም። የሚጠራጠር ካለ አሁኑኑ ይጠይቀኝ፤ ከሞትኩ በኋላ መልስ አልሰጥም። ቃሌ በአማርኛ እንዲጻፍ የፈለግሁት ሟች ባለቤቴ ሀረገወይን የምታነበው በእሱ ስለ ነበረ ነው። ለዘመዶቼ ጸሐፊዋ ትህትና በኦሮምኛ ታንብብላቸው።

አስቀድሜ ስለ ሰሞቹ። በሱቄ መደርደሪያ ላይ ያሉት፣ የጣት ምልክት የታተመባቸው የሰም ድቡልቡሎች ቆሻሻ አይደሉም። ሰንጢ ያሠሩኝ ሰዎች እጆች ናቸው። ነገሩን የጀመረው አባቴ ነው። በእሱ ዘመን የቱምቱ፣ ማለትም የቀጥቃጭ፣ እጅ አይጨበጥም ነበር። የሰንጢ እጀታ ደግሞ የባለቤቱን እጅ ሳያውቁ በልኩ አይወጣም። ስለዚህ አባቴ ለስላሳ ሰም በቅጠል አድርጎ ያቀርብላቸዋል፤ እነሱ ጨብጠው ይመልሱለታል፤ እሱም በዚያ ልክ ከቡና ግንድ ይጠርባል። እኔም እንደዚያው ስሠራ ኖርኩ። እጄን ያልጨበጡ ሰዎች እጃቸውን ትተውልኝ ሄዱ። ብዙዎቹ ዛሬ አፈር ለብሰዋል፤ አውራ ጣታቸው ግን ሰሙ ላይ እንዳለ አለ። በዳበስኩት ቁጥር ይገርመኛል፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይቀራል? የእናቱን ወይም የአባቱን እጅ ፈልጎ ለመጣ ሁሉ ይሰጠው፤ ማንም እንዳያቀልጠው።

እዚያ መደርደሪያ ላይ እጇ የሌለው ሀረገወይን ብቻ ናት። ሰሙን ከኖፓ ወረዳ እያመጣች የምትሸጥልኝ ራሷ ነበረች። የኦሮሚያ ክልል በተቋቋመ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ለራሷ ሰንጢ ልታሠራ መጣች። ሰሙን ሳቀርብላት፣

«ሰሙን ተወው፤ እጄን ለካ» አለችኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ያያል!»

«ታዲያ ይይ!» ብላ እጇን መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

ጣቶቿን አንድ በአንድ ለካሁ። የቀኝ ትንሿ ጣቷ በልጅነቷ ተሰብራ ስለ ነበር እንደ ታጠፈች ቀርታ ነበር። ስለቱን ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጬ፣ ለዚያች ጣት እጀታው ላይ ማረፊያ ቀረጽኩላት። ማሩንም፣ ገመዱንም፣ የልጆቿን ሸንኮራም የቆረጠችው በዚያ ሰንጢ ነው፤ እስክትሞት ከመቀነቷ አልተለየም።

ወንድሟ ወንድይራድ ቀጥቃጭ አማች አልፈልግም ብሎ ለሠርጋችን አልመጣም። ይህ ይጻፍ። ዛሬ ምስክሬ ሆኖ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል። ይህም ይጻፍ።

አሁን ወደ ልጆቼ ክርክር። ሞሲሳ ባጃጅ ይነዳል፤ ሱቁ ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ ለመለዋወጫ መሸጫ ይከራይ ይላል። ኢብሴ ምድጃው አይጥፋ፣ እኔ እሠራበታለሁ ትላለች። የጎሳችን ሽማግሌዎች ሴት ብረት አትቀጠቅጥም ብለው ከሞሲሳ ጋር ቆመዋል። የእናታቸውን ሰንጢ ግን ሁለቱም ይፈልጉታል።

ከፋሲካ በኋላ ኢብሴን፣ «የእናትሽን ሰንጢ አምሳያ ሥሪልኝ» አልኳት። የእናቷ እጅ ያለበት ሰም የላትም፤ ዋናውም ሰንጢ ሞሲሳ ኪስ ውስጥ ነበር። ሄዳ ወናፉን ማናፋት ጀመረች። በጨረሰች ጊዜ ሞሲሳን ጠርቼ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳትነግሩኝ ሁለቱንም መዳፌ ላይ አስቀምጡ አልኩ። የአንዱን እጀታ ዳበስኩ፤ ጥሩ እንጨት ነው፣ ማረፊያም አለው፣ እጇን ግን አላስታወሰኝም። ሌላውን ጨበጥኩ። የዚያች የታጠፈች ጣት ማረፊያ እንደ ነበረች አገኘኋት። ሀረገወይን ራሷ መጥታ እጄን የያዘችኝ መሰለኝ።

«ይሄ ነው የእናታችሁ» አልኩ።

 ያረመኝ ሞሲሳ ነው፤ እውነት በመናገሩ ተመስገን።

«አባዬ፣ እሱ ኢብሴ የሠራችው ነው።»

«ያለ ሰም፣ ያለ ልክ፣ እንዴት አድርገሽ?» አልኳት።

«እኔ እኮ እጇን ይዤ ነው ያደግኩት አባዬ፤ ስትታመምም የያዝኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሲግል፣ ውኃ ሲነካ፣ ሲጠነክር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። እኔ በመዳፌ ለክቼ የሠራሁትን እሷ ከልቧ አውጥታ በለጠችኝ።

ስለዚህ ሱቁ፣ ምድጃው፣ ወናፉ፣ መዶሻውና ጉጠቱ፣ ከነሰሙ መደርደሪያ የኢብሴ ነው። ቅር ያለው ሽማግሌ ካለ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ሰንጢዎች ይጨብጥ። ዋናው ሰንጢ የሞሲሳ ነው፤ ኢብሴ አያስፈልጋትም። የመኖሪያ ቤቱን እኩል ይካፈሉ። ሞሲሳ፣ ለአንተ ያለኝ ፍቅር አላነሰም። ባጃጅህን ቀስ ብለህ ንዳ።

በመጨረሻ፣ ዓይኔ ሳይደክም የቀጠቀጥኩት አንድ ስለት ያለ እጀታ ተቀምጧል። የእኔን እጅ እስከ ዛሬ የለካ ሰው የለም። በፊርማ ፈንታ ሰም እጨብጣለሁ፤ ኢብሴ እጀታውን በዚያ ልክ ትሥራው። ከእኔ በኋላ የእሷ ይሁን።

ይህ ቃል ተነቦላቸው ተናዛዡ «ቃሌ ነው» ሲሉ ሰምተናል፦

ወንድይራድ ጥበቡ፣ ፊርማ
ኢቲቻ ኡርጌ፣ ፊርማ
ደቅሲሳ ነመራ፣ ፊርማ
ተጂቱ ሰኚ፣ የጣት አሻራ

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ኢብሴ ሰሙን አለስልሳ ለአባቷ ስታቀርብ፣ ተናዛዡ «ሰሙን ተዪው፤ እጄን ያዢ» ብለዋታል። ስለዚህ ሰሙ ሳይጨበጥ ቀርቶ በጣት አሻራቸው በቀለም ፈርመዋል። አሻራው የግራ አውራ ጣት የሆነው ቀኝ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ ስለ ነበረ ነው።
ትህትና፣ ፊርማ